በር የሌለው ቢሮ

ይሄ ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። በኋላ “ቲቸር አበዛኸው” እንዳትሉኝ። ቡና ላይ ከሆናችሁ ጥሩ፤ ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ቤት ስትደርሱ አንብቡት።

ከጥር ወር ጀምሮ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር “ትምህርቶቹ የት ጠፉ?” እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። እኔም “ትንሽ ችግር ገጥሞኝ ነው፣ ይስተካከላል” እያልኩ ሳድበሰብስ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው። ዓመቱን ሙሉ “የይለፍ ቃላችሁን ጠብቁ፣ የማታውቁትን ሊንክ አትንኩ” እያለ ተማሪ የሚያሰለች የአይሲቲ መምህር አካውንቱ ተዘጋበት ሲባል፣ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ ደጅ እንደቀረ ቁልፍ ሠሪ ነው የሚሆነው። አሁን ግን አራት ወር አለፈ፤ እፍረቱም ወጥቶልኛል። ልንገራችሁ።

ጅማሬውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪዎቼ ቤት ተቀመጡ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ደሞዝ እየበላሁ መቀመጡ ከበደኝ። አንድ ኮምፔርሳቶ ጥቁር ቀለም ቀባሁና ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት፤ ስልኬን የሩዝ ከረጢት ላይ አቆምኩና ማስተማር ጀመርኩ። የምቀርጸው ማታ ማታ ነበር፤ ቀን የሰፈሩ ልጆች ጩኸት አያስቀርጽም። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ ቬንትሌተሩን ካላጠፋሁት ድምፁ ይገባል፣ ካጠፋሁት እኔ እቀልጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎች ያያችሁ ሰዎች፣ ያ ትከሻዬ ላይ የማይጠፋው ፎጣ የምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

መጀመሪያ አይሲቲ ብቻ ነበር። በኋላ የ12ኛ ክፍል ልጆች “ቲቸር አፕቲትዩድም ጨምርልን” ሲሉኝ ጨመርኩ። እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ዲግሪውን በክረምት ጀምሬ በገንዘብ ምክንያት አቋርጬዋለሁ፤ የምደብቀው ነገር አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ከማስተማሬ በፊት ራሴ ሦስት አራት ጊዜ ነበር የምሠራው። በአምስት ዓመት ውስጥ 214 ትምህርት ሞላ። ተከታዩ ከ11 ሺህ አለፈ። ከጅግጅጋ፣ ከጭሮ፣ ከሐረር፣ ረግጬ ከማላውቃቸው ከተሞችም “ቲቸር አለፍኩ” የሚል መልእክት ይመጣልኝ ጀመር። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ኤክሴልን ከኔ ቪዲዮ እንደተማረች ጽፋልኛለች። ገንዘብ አላገኘሁበትም። ግን ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ፣ እንዲህ ዓይነት መልእክት የመጣ ቀን ደሞዝ የወጣ ያህል ነበር ደስ የሚለኝ።

ከዚያ አንድ የጥር ጠዋት ስልኬን ስከፍት አካውንቴ የለም። “የማኅበረሰብ መመሪያዎቻችንን ስለጣሱ አካውንትዎ ታግዷል” የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። የትኛውን መመሪያ? አይልም። በየትኛው ቪዲዮ? አይልም። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ይሄ ይበቃል።

ጥርጣሬ አለኝ። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብዬ “ሌባ የይለፍ ቃላችሁን እንዴት ይሰርቃል?” የሚል ትምህርት ጭኜ ነበር። ልጆቹ እንዲጠነቀቁ ነው። ማሽኑ “የይለፍ ቃል” እና “ይሰርቃል” የሚሉትን ጎን ለጎን ሲያይ ሌባው እኔ ሳልመስለው አልቀረሁም። ምናልባት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ምክንያት ይኖራል። እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

“ይግባኝ ይጠይቁ” የምትል ቁልፍ ነበረች፤ ነካኋት። መታወቂያ ጠየቀችኝ። ያኔ ፋይዳ አላወጣሁም ነበር፤ የቀበሌ መታወቂያዬን ፊቱንም ጀርባውንም አንስቼ ላክሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ “ያቀረቡት መረጃ አካውንቱ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም” የሚል መልስ መጣ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። አካውንቱን ስከፍት የተወለድኩበትን ዓመት በፈረንጅ 1989 ብዬ ነው የሞላሁት። መታወቂያዬ ላይ ያለው 1981 ነው። አቦ ሁለቱም እኔ ነኝ! የኛና የፈረንጅ ዘመን ሰባት ስምንት ዓመት እንደሚለያይ እዚህ አገር ሱቅ የሚላክ ልጅ ያውቃል። ማሽኑ ጋ ሲደርስ ግን እኔ የሌላ ሰው አካውንት ሊሰርቅ የመጣ፣ ስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ሆንኩ።

ማብራሪያ ልጻፍ ብል መጻፊያ ቦታ የለውም። እንደገና ፎቶ ላክሁ። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ጉዳዩ በድጋሚ ታይቷል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው ይላል። ማን አየው? ከላክሁበት እስከ መልሱ ያለው ጊዜ አንድ ሻይ አያስጠጣም። የእርዳታ ገጹ ወደ ይግባኝ ገጹ ይመራኛል፤ የይግባኝ ገጹ “መጀመሪያ አካውንትዎን ከፍተው ይግቡ” ይለኛል፤ አካውንቴ ደግሞ ታግዷል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስዞር ከረምኩ። በመሃል አንድ የማላውቀው ልጅ በቴሌግራም “ውስጥ የማውቀው ሰው አለ፣ 15 ሺህ ብር ላክና ላስመልስልህ” አለኝ። አላክሁም። ብሩ ቢኖረኝ ኖሮ ግን እልክ ነበር፤ ይሄን ያህል ነበር የጨነቀኝ።

የቀረጽኩባት ስልክ ደቻቱ አካባቢ ተሰርቃለች፤ ቪዲዮዎቹ ሌላ ቦታ የሉም። “የአይሲቲ መምህር እንዴት ሌላ ቅጂ አያስቀምጥም?” የሚል ካለ ልክ ነው፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው። እኔ ግን ያንን ቦታ እንደ ባንክ ነበር የማየው። ከሁሉም የምትቆጨኝ ትምህርት 9 ናት። እሷን ስቀርጽ አባቴ በሽርጡ ሆኖ በሩን ከፍቶ ይገባና “ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወራው?” ይለኛል። “ከተማሪዎች ጋር ነው አባዬ” እለዋለሁ። ኮምፔርሳቶውን ያያል፣ ስልኩን ያያል፣ ከዚያ “የታሉ?” ይላል። ያኔ ቪዲዮ መቁረጥ ስለማልችል እንዳለ ለቀቅኳት። አባቴ በ2014 አረፈ። የሱ ድምፅ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም።

በዚያ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ትዝ ይለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረጃ እድገት ደብዳቤዬ ጠፍቶ ሰባት ወር የተመላለስኩበት ቢሮ ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ በሄድኩ ቁጥር “ልጄ ፋይልህ የለም፣ ነገ ና” ይሉኛል። ነገ እሄዳለሁ፤ “ስብሰባ ላይ ናቸው”፣ “መብራት የለም”፣ “ማህተሙ ሌላ ጋ ነው”። አንድ ቀን ግን አልቻልኩም፤ ጮህኩባቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁና ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ “ና ግባና አንተው ፈልግ” አሉኝ። አቧራ እየበላን ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ፈለግን። ፋይሌ የስም ሞክሼዬ ፋይል ውስጥ ተሸጉጦ ተገኘ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከመሳቢያቸው ቆሎ አውጥተው ዘገኑልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ያንን ቢሮ ስረግመው ነው የኖርኩት። አሁን ግን ሳስበው በር ነበረው። በሩ ላይ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ማዶ ደግሞ የሚደክማቸው፣ የሚያፍሩ፣ የሚስቁ ሴትዮ ነበሩ። ቢብስ ቢብስ ከሳቸው በላይ ኃላፊ አለ፣ ከኃላፊው በላይ ከንቲባ አለ። በእልህ የበሩ ደፍ ላይ መቀመጥ እንኳ ይቻላል።

አያቴ በጃንሆይ ጊዜ የመሬት ክርክር ነበረው። ሐረር ድረስ በእግሩ ተመላልሶ አልሆን ሲለው፣ ከዚህ ከድሬ በባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ወርዶ “አቤት!” ብሏል። ተፈረደበት። መሬቱን አጣ። ግን እስኪሞት ድረስ ሲያወራው “ሰምተውኛል” ነበር የሚለው። በልጅነቴ ይገርመኝ ነበር፤ ተሸንፎ ምኑ ነው የሚያኮራው? እል ነበር። በ36 ዓመቴ ነው የገባኝ። እኔ ተሸነፍኩ እንኳ ማለት አልችልም፤ የሰማኝ የለማ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፣ ይሄን ሳወራለት “ቤቱ የነሱ ነው፤ ተከራይ እንኳን አይደለህም፣ በነፃ ነው የገባኸው” አለኝ። መጀመሪያ አፌን አስያዘኝ። በኋላ ግን ሳሰላው በነፃ አልገባሁም። ትምህርቶቼ ከመጀመራቸው በፊት ለተማሪዎቼ የሳሙናና የጨዋታ ማስታወቂያ ይታይ ነበር። ማስታወቂያው የማን ነው? ብሩ ወዴት ሄደ? ልጆቹ ስንት ሰዓት እንዳዩ፣ የት ጋ እንዳቆሙ፣ በምን ስልክ እንዳዩ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ኪራዩን ስንከፍል ነበር፤ ውል ብቻ ነው ያልነበረን።

“ሌላ ቦታ ሂድ” የሚለው ምክር ደግሞ አለ። ወዴት? ተማሪው ያለው እዚያ ነው። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ ድንኳን ብተክል ማን ይመጣል? የነዚህ ድርጅቶች ጉልበት ሰውን አስገድደው ማስገባታቸው አይመስለኝም፤ አስገድደውንም አያውቁም። ሁሉም ሰው እዚያ ስላለ መውጣት ማለት ከገበያ ወጥቶ ገደል አፋፍ ላይ ሱቅ መክፈት ይሆናል።

ክፍል ውስጥ በየዓመቱ መስከረም ላይ “ኢንተርኔት ምንድን ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። የኮምፒውተር ክፍላችን 32 ኮምፒውተር አለው፤ የሚሠሩት 11 ናቸው፤ ስለዚህ አብዛኛው ትምህርት በቃል ነው። መልሱ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ “ቴሌግራም” ይላል፣ አንዷ “ቲክቶክ” ትላለች፣ ጎበዝ የሚባለው ልጅ እጁን አውጥቶ “ጉግል ነው ቲቸር” ይላል። እኔ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ክብ ክብ እየሣልኩ ኢንተርኔት መንገዱ ነው፣ ጉግል መንገዱ ላይ ያለ አንድ ሱቅ ነው እያልኩ አስረዳለሁ። በፈረንጅ ኦገስት 2024፣ ዋሽንግተን ውስጥ አሚት መህታ የተባሉ ዳኛ ጉግል የፍለጋውን ገበያ በሕገ ወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ብለው ወሰኑ። በዚያ ክርክር የወጣ አንድ ቁጥር አለ። ጉግል የአይፎን ባለቤት ለሆነው ለአፕል በ2022 ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለምን? ስልኩን የገዛ ሰው ሲከፍተው መጀመሪያ የሚያገኘው መፈለጊያ ጉግል እንዲሆን ነው። ሌላ ሱቅ እንዳናይ በሩ ላይ ለመቆም 20 ቢሊዮን! ይሄን ካነበብኩ ወዲህ “ኢንተርኔት ማለት ጉግል ነው” የሚለውን ልጅ ኤክስ ማድረግ ይከብደኛል። ልጁ ያየውን ነው የተናገረው፤ እንዲያ እንዲያይ ደግሞ ተከፍሎበታል።

ሌላም ላስታውሳችሁ። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ለመግዛት ተስማማ። ሱቆቹ ሦስት ይመስላሉ እንጂ ባለቤቱ አንድ ነው። አንድ መሆኑ የታወቀው መስከረም 24 ቀን 2014 ማታ ነው። ትዝ ይላችኋል? ሦስቱም ባንድ ላይ ጠፉ። እኛ ሰፈር “ቴሌ ደግሞ ምን ሆነ? ዛሬ ደግሞ ምን ተፈጠረ?” እየተባለ ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የምንጠረጥረው ይታወቃል። ለካ ዓለም በሙሉ ነው። የድርጅቱ መሐንዲሶች ለጥገና የሰጡት አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ መላውን መረብ ከኢንተርኔት አወረደው፤ ስድስት ሰዓት በላይ ፈጀ። እኔን የገረመኝ ግን መሐንዲሶቹ ራሳቸው የመረጃ ማዕከሉ ገብተው ለመጠገን መቸገራቸው ነው። ለነሱም በሩ ጠፋቸው።

በማግስቱ ደግሞ ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ መሰከረች። በምስክርነቷ የኢትዮጵያን ስም ጠርታለች፤ ጥላቻና ቁጣ የሚቀሰቅስ ነገር በብዛት እንዲታይ የሚያደርገው አሠራር እንደኛ ባሉ አገሮች ደም እያፋሰሰ ነው የሚል ነበር ነገሩ። ያን ሰሞን አገራችን በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረች ልነግራችሁ አልፈልግም፤ ሁላችንም ነበርንበት።

ወር ሳይሞላ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው እንደሚለው፣ ከመገደላቸው በፊት ፎቶአቸውና አድራሻቸው ፌስቡክ ላይ ከስም ማጥፋት ጋር ተለጥፎ ነበር፤ እሱም ይነሣልኝ ብሎ ደጋግሞ አመልክቷል። ይነሣል የሚለው ምላሽ የመጣለት ግን አባቱ ከሞቱ በኋላ ነው። ይሄን ሳነብ የኔ 214 ቪዲዮ አሳፈረኝ። እኔ ቁልፍ ነክቼ የጠበቅኩት አካውንት ነው፤ እሱ ቁልፍ ነክቶ የጠበቀው የአባቱን ሕይወት ነበር። ተመሳሳይ ቁልፍ ናት እኮ።

ልጁ ዝም አላለም። ከሌሎች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 2015 ኬንያ ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለምን ኬንያ? የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችንን ጽሑፍ የሚያጣሩት ሠራተኞች ያኔ ናይሮቢ ነበሩ፤ ያውም በሌላ ድርጅት በኩል የተቀጠሩ። (እነሱም ቀን ከሌት የሰው ሬሳና ግድያ ሲያዩ ውለው ከሥራ ሲሰናበቱ፣ ከ180 በላይ ሆነው በ2023 ከሰዋል። የነሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የተከራከረው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ነው። ክሱ እውነት ነው ሐሰት ነው ወደሚለው ከመገባቱ በፊት ክርክሩ በሩ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ይገባል አይገባም። መጋቢት 25 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ “ሥልጣን አለኝ፣ ጉዳዩን አያለሁ” አለ። ያኔ ገና አልተፈረደም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ለመግባት ብቻ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። እኔ ግን ያን ቀን ዜናውን ሳነብ አያቴን አስታወስኩ፤ የሚሰማ ተገኘ።

ፍራንክፈርት የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እዚያ የሷም አካውንት በሆነ ምክንያት ታግዶ ነበር፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጧት፣ ቅሬታ አስገባች፣ በሳምንቷ ተመለሰላት። “ቲቸር፣ እዚህ ሕግ አለ እኮ” አለችኝ። አለ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። የሰው ጽሑፍ ያነሣ ወይም አካውንት የዘጋ ድርጅት ምክንያቱን ማሳወቅ አለበት፤ ቅሬታ መቀበል አለበት፤ ቅሬታውን ደግሞ ማሽን ብቻውን ሊወስንበት አይችልም፤ ያም ካላረካህ ከፍርድ ቤት ውጭ ወደሚዳኝ ገለልተኛ አካል መሄድ ትችላለህ። እምቢ ያለ ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 6 በመቶ ይቀጣል።

እንግዲህ ድርጅቱ አንድ ነው፣ ስልኩ አንድ ነው፣ ቁልፏም አንድ ናት። ልዩነቱ ተማሪዬ ስትነካት በስተጀርባዋ ሰው አለ፤ መምህሯ ሲነካት ማንም የለም። አይችሉም እንዳይባል ፍራንክፈርት ላይ ችለዋል። ስለዚህ “በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው ስለሚጠቀም እያንዳንዱን ሰው ማነጋገር አይቻልም” የሚለውን መልስ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም። የሚያስገድዳቸው ሲኖር ይቻላል።

እኛስ ጋ? የኛ መንግሥት የሚያውቀው አንድ ዘዴ ነው፤ ጠቅላላውን መዝጋት። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ አይተናል። ከድርጅቶቹ ምን ተቀነሰባቸው? ምንም። ከኛ ነው የተቀነሰው። እኔ ራሴ በቪፒኤን እየገባሁ ነበር የማስተምረው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ፣ ይቅር ይበለኝ። የጥላቻ ንግግር አዋጁም በ2012 ሲወጣ ድርጅቶቹ ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይላል። ጥሩ፣ የሚነሣ ይነሣ። በስህተት የተነሣበት ሰው የት ሄዶ አቤት ይበል? ለኢትዮጵያ ብቻ ቢከብድ ለአፍሪካ ኅብረት ይከብዳል ወይ? 55 አገር አንድ ላይ “ቢያንስ አንድ ቢሮ ክፈቱ፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ ሰው አስቀምጡ፣ የኛን የዘመን አቆጣጠር አስተምሩት” ቢል ማን እምቢ ይላል? የኔ ዲፕሎማ እስከዚህ ድረስ ነው የሚያየው፤ ከዚህ በላይ የተማራችሁ ጻፉበት።

አሁን ወደ ዋናው ዜና ልምጣ፤ ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቆማ ጠበቀችኝ። ስሟን አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳትም። “ቲቸር፣ እነዚያ ትምህርቶች እኔ ጋ አሉ” አለችኝ። ልቤ ዘለለች። “በፍላሽ ነው?” አልኳት። “አይ፣ በደብተር።”

ቤታቸው ያለው አንድ ስልክ ነው፤ የእናቷ። እናቷ ታይዋን ልብስ ትሸጣለች፤ ስልኩ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው ልጆቹ እጅ የሚገባው፤ እሱንም ከታላቅ ወንድሟ ጋር በተራ ነው። ጥቅሉ እንዳያልቅባት እያንዳንዱን ቪዲዮ አንዴ ብቻ ታየዋለች። እያስቆመች፣ እየጻፈች፣ እያስቆመች፣ እየጻፈች። ሦስት ደብተር አመጣችልኝ። 61 ትምህርት ነው ያለው። ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ሥዕል አለ፣ ጥያቄው አለ፣ አንዳንዴ የኔ ቀልድ ሳይቀር አለ። “ይሄን እንኳን ባልጻፍሽው” አልኳት አንዱን ቀልድ አይቼ። “የትኛው ለፈተና እንደሚመጣ አላውቅማ” አለችኝ።

ያንን ቅዳሜና እሁድ ደብተሮቹን ሳነብ አሳለፍኩ። ትምህርት 83 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጥያቄው ከድሬ ሐረር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በዚያው መንገድ በ40 ቢመለስ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው የሚል ነው። እኔ 60 እና 40 ደምሬ ለሁለት አካፍዬ 50 ብያለሁ። በእስክሪብቶ እንዳልኩት ጽፋዋለች። ከጎኑ ግን በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ “48 ነው። ሲመለስ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል” ይላል። ልክ ናት! ከአራት ሺህ በላይ ሰው ያየው ቪዲዮ ነው፤ አንድም ሰው አልነገረኝም። (በዚህ ምክንያት ዘግተውኝ ቢሆን ኖሮ እሺ ብዬ እቀበል ነበር።) ሰኞ “ለምን አልነገርሽኝም?” ብላት “ኮሜንት ላይ ከጻፍኩት ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው” አለችኝ።

ትምህርት 9 የመጀመሪያው ደብተር ላይ ነው። ርእሱ “የኮምፒውተር ክፍሎች” ነው። ግብዓት፣ ውጤት፣ ማከማቻ፣ እያለ ይወርዳል። መሃል ላይ፣ ሁሉንም ነገር እንደምትጽፈው፣ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

“አባቱ ገቡ። ከማን ጋር ነው የምታወራው አሉት። ከተማሪዎች ጋር አለ። የታሉ? አሉ።”

ከዚያ ወደ ማከማቻ ይቀጥላል።

እንግዲህ የሚቀጥለው እንዲህ ነው። ከደብተሮቹ ላይ እያየሁ እንደገና መቅረጽ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን 14 ደርሷል። ትምህርት 83 ተስተካክሏል፤ 48 ነው። አሁን የትም ከመጫኔ በፊት ሁለት ቦታ ነው የማስቀምጠው። ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ይዛችሁ ከመጣችሁ ልጁ በነፃ ይገለብጥላችኋል፣ ተነጋግረናል። ከሌላ ከተማ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በአገር አቋራጭ የሚመጣ ሰው ፈልገን እንልካለን። ድሮ ቪዲዮ ያወረዳችሁ ካላችሁ፣ አንድም ብትሆን፣ እባካችሁ ላኩልኝ። በተለይ 9ን።

ደብተሮቹን ኮፒ አስደርጌ ሰኞ እመልሳለሁ ብዬ ነበር የተቀበልኳት። ፈተና ስለደረሰ ያስፈልጋታል፤ ሁለቱን መልሻለሁ። ለመጀመሪያው ኮፒውን ሰጥቻታለሁ፤ ደብተሩን ግን ገና አልመለስኩም።